የዩኒቨርሲቲ ምርምር ከግቢው ውጭ ምን ለወጠ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ዩኒቨርሲቲ ምርምር በተነሳ ቁጥር የሚደመጠው ወቀሳ «መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ይቀራል» የሚል ነው። ወቀሳው በብዙ ቦታ እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ ከመደርደሪያው ወርዶ የሰው ኑሮ ውስጥ የገባውን ምርምር በምን እንደምናውቀው፣ ያመጣውንም ለውጥ በምን እንደምንመዝነው የሚያስረዳ በአማርኛ የተጻፈ ማብራሪያ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ከመምህራን፣ ከድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና የምርምር በጀት ከሚያጸድቁ ኃላፊዎች አዘውትረው የሚነሱትን ጥያቄዎች ሰብስቤ፣ በደንብ በሚታወቁ የኢትዮጵያ ምሳሌዎች ለመመለስ ሞክሬአለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

«የምርምር ተጽዕኖ» ሲባል በትክክል ምን ማለት ነው?

«ተጽዕኖ» የሚለው ቃል በዕለት ተዕለት ንግግራችን ወደ ጫና ያደላል፤ «ተጽዕኖ አሳደረብኝ» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ እያማረረ ነው። በዚህ ምክንያት «ፋይዳ» የሚለውን ቃል የሚመርጡ አሉ። እኔ «ተጽዕኖ»ን የምይዘው፣ ምርምር የሚያመጣው ለውጥ ሁልጊዜ በጎ ብቻ ስላልሆነና ጉዳቱንም አብሮ የሚሸከም ቃል ስለሚያስፈልገን ነው። ትርጉሙ ባጭሩ፣ አንድ ምርምር ከዩኒቨርሲቲው ዓለም ውጭ በሰዎች ጤና፣ በምርት፣ በሕግና በፖሊሲ፣ በባህል፣ በተፈጥሮ አካባቢ ወይም በአኗኗር ላይ ያመጣው፣ በማስረጃ ሊታይ የሚችል ለውጥ ነው። ብሪታንያ በ2014 ባካሄደችው የዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ምዘና ይህ ዓይነቱ ለውጥ ከአጠቃላይ ውጤቱ 20 በመቶ እንዲይዝ ያደረገች ሲሆን፣ በ2021 ድርሻውን ወደ 25 በመቶ ከፍ አድርጋዋለች። በመጀመሪያው ዙር ዩኒቨርሲቲዎቹ «ይህ ምርምራችን ይህንን ለወጠ» የሚሉ 6,975 ዝርዝር መግለጫዎችን አቅርበዋል።

ከዚህ ትርጉም ውስጥ ቶሎ የሚዘነጋው «ለውጥ» የሚለው ቃል ነው። የሥልጠናዎች ብዛት፣ የተበተኑ በራሪ ወረቀቶችና የተካሄዱ ዐውደ ጥናቶች ሥራ መሠራቱን እንጂ ለውጥ መምጣቱን አያሳዩም። አንድ ጊዜ እንድገመግመው የተሰጠኝ የፕሮጀክት ማጠቃለያ ሪፖርት የሥልጠናውን ቀናትና የተሳታፊዎቹን ቁጥር፣ የተከፈለውን የውሎ አበል ሳይቀር፣ በሠንጠረዥ ዘርዝሮ ነበር፤ ከሥልጠናው በኋላ በመጣው ክረምት ስንቱ ገበሬ በመስመር እንደዘራ ግን አንድም ዐረፍተ ነገር አልነበረውም። ያን ሪፖርት ካነበብኩ ወዲህ የማንኛውንም ሪፖርት የመጨረሻ ገጽ ገልጬ መጀመሪያ የምፈልገው «የማን ኑሮ ተለወጠ? በምንስ ታወቀ?» ለሚለው መልሱን ነው።

ጽሑፉ በታወቀ ጆርናል መታተሙና በሌሎች መጠቀሱ በቂ ማስረጃ አይሆንም?

በሌሎች ጽሑፎች መጠቀስ ተመራማሪዎች የአንዱን ሥራ ሌላው እንዳነበበው ያሳያል፤ ይህም ክብር ያለው ነገር ነው። ነገር ግን ከምሁራኑ ክበብ ውጭ ስለሆነው ነገር የሚለው የለም። «ኢምፓክት ፋክተር» የሚባለው ቁጥርም በስሙ ብዙዎችን ያሳስታል። የጆርናሉ ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚያሳይ በመሆኑ ስለ አንድ ነጠላ ጽሑፍ እንኳ በእርግጠኝነት አይናገርም። በ2012 በሳን ፍራንሲስኮ በተካሄደ የሳይንቲስቶች ስብሰባ የተረቀቀው መግለጫ ይህን ቁጥር ተመራማሪን ለመቅጠር፣ ለማሳደግም ሆነ በጀት ለመስጠት መለኪያ አታድርጉት ያለው ለዚህ ነው። በእኛ አገር የመምህራን የማዕረግ ዕድገት በአመዛኙ በታተሙ ጽሑፎች ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ከገበሬው ማሳ ወይም ከጤና ጣቢያው ጋር ዓመታትን ያሳለፈ ተመራማሪ ድካሙ በሚገባው ልክ አይቆጠርለትም። ይህ መስተካከል ያለበት ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከመነሻው እስከ መድረሻው ሊታይ የሚችል አንድ ምሳሌ አለ?

አለ፤ እንዶድ ነው። ሳሙና እንደ ልብ ባልነበረበት ዘመን የእንዶድ ፍሬ ተወቅጦ በውሃ ሲመታ አረፋ ያወጣ ነበርና ጋቢና ነጠላ የሚነጣው በእሱ ነበር። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ፣ ገና ወጣት ተመራማሪ ሳሉ፣ ቢልሃርዚያን ለማጥናት ወደ አድዋ ሄዱ። የቢልሃርዚያ ተውሳክ ያለ ቀንድ አውጣ መኖር አይችልም፤ ከታማሚው ዓይነ ምድር ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ቀንድ አውጣው ውስጥ ይራባል፣ ከዚያ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ ይበሳል። ስለዚህ የቀንድ አውጣውን ነገር ያወቀ የበሽታውን መንገድ ያውቃል። ዶክተር አክሊሉ በወንዙ ዳር ቀንድ አውጣ ሲሰበስቡ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈው አዩ። ከአጣቢዎቹ አንዷን፣ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በያዘ ዕቃ ውስጥ ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት እንድትጨምርላቸው ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

ምልከታው ወደ ቤተ ሙከራ ገባ። በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ አሁን በስማቸው የሚጠራውን የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት አቋቋሙ። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለ፣ አረፋውንም የሚሰጠው ሳፖኒን የተባለ ውህድ መሆኑ ተረጋገጠ። ከዚያም ከ1969 እስከ 1974 ድረስ በራሷ በአድዋ ከተማ የአምስት ዓመት የመስክ ሙከራ ተደርጎ የአካባቢው ወንዞች በተፈጨ እንዶድ ታከሙ። ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 6 ዓመት በሆኑ ሕፃናት ላይ የነበረው የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ሕፃናቱ የተመረጡበት ምክንያት አለው፤ አዋቂው የቆየ በሽታ ይዞ ሊሆን ይችላል፣ በሕፃን ላይ የሚታየው ግን በቅርቡ የያዘው ነው። የዕፅዋት ተመራማሪው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ የአገሪቱን የእንዶድ ዝርያዎች ሰብስበውና አወዳድረው «ዓይነት 44» የተባለውን ብርቱ ዝርያ ለዩ። በ1989 ሁለቱም «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚታወቀውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

ታዲያ እንዶድ ለምን በመላ አገሪቱ አልተሠራበትም?

ይህ ጥያቄ ምሳሌውን የበለጠ ጠቃሚ ያደርገዋል። አንደኛ፣ በኢትዮጵያ ቤተ ሙከራ የተገኘው የደኅንነት ማስረጃ በዓለም አቀፍ ተቋማት ዘንድ በቀላሉ ተቀባይነት ስላላገኘ፣ ሙከራዎቹ በሌሎች አገሮች ቤተ ሙከራዎች እንዲደገሙ ተጠየቀ፤ በዚህ መሃል ብዙ ዓመታት አለፉ። ዶክተር አክሊሉ የአፍሪካዊ ተመራማሪ መሰናክል የገንዘብ እጥረት ብቻ ሳይሆን አለመታመኑም መሆኑን በአደባባይ ተናግረዋል፤ እኔም ይህ አባባላቸው በየተመራማሪው ጠረጴዛ ላይ ሊቀመጥ የሚገባው ይመስለኛል። ሁለተኛ፣ ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት መጣና ታማሚውን በአንድ ጊዜ መጠን ማከም ተቻለ፤ የጤና ፕሮግራሞችም ፊታቸውን ወደ እሱ አዞሩ። ሦስተኛ፣ እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። በአንድ ቦታ በማስረጃ የታየ ለውጥ በሌላው ሁሉ ይደገማል ማለት አይደለም፤ ተጽዕኖውን የሚጽፍ ሰው አድዋን «አድዋ» ብሎ መጻፍ እንጂ «ኢትዮጵያ» ማለት የለበትም።

የዕውቀቱ ባለቤትስ ማን ነው?

የእንዶድ ታሪክ በዚህም በኩል ያስተምራል። በ1980ዎቹ መጨረሻ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች «ዜብራ መስል» የተባለ ዛጎል ለበስ እንስሳ ተዛምቶ የውሃ መሳቢያ ቱቦዎችን ደፈነ። ዶክተር አክሊሉ በ1990 ለክብር ዶክትሬት ወደ ኦሃዮ፣ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በሄዱበት ጊዜ እንዶድ በእንስሳው ላይ ተሞከረ፤ ገደለውም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲው በዚህ አጠቃቀም ላይ የአሜሪካ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አገኘ። ዶክተር አክሊሉ ከፈጣሪዎቹ እንደ አንዱ ቢመዘገቡም፣ የፓተንቱ ባለመብት ዩኒቨርሲቲው ነበር። እንዶድ ማጠቢያ መሆኑን ለዘመናት ያወቁት፣ ወንዙን ያሳዩትና አረፋውን በዕቃው ውስጥ የጨመሩት ሴቶች በሰነዱ ላይ ቦታ አልነበራቸውም። ኢትዮጵያ በ2006 የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትን፣ ማለትም ሀብቱንና ዕውቀቱን የማግኛ ሥርዓትን፣ የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 482 ስታወጣ፣ ማኅበረሰቡ በዕውቀቱ ላይ መብት እንዳለውና ከጥቅሙም እንዲካፈል በሕግ ደንግጋለች። ዛሬ ምርምር የሚጀምር ሰው ይህን አዋጅ ናሙና ከመሰብሰቡ በፊት ሊያነበው ይገባል።

ለውጡ የመጣው በምርምሩ ነው ወይስ በሌላ ምክንያት? እንዴት ይለያል?

ከሁሉም ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። «ከፕሮጀክቱ በፊት እንዲህ ነበር፣ ከፕሮጀክቱ በኋላ እንዲህ ሆነ» ማለት ብቻውን አያጠግብም፤ በመሃል ዝናቡ ሊሻሻል፣ መንገድ ሊገባ፣ ሌላ ድርጅት ሊሠራ ይችላል። የተሻለው መንገድ ለውጡ ካልደረሳቸው ተመሳሳይ ሰዎች ጋር ማነጻጸር ነው።

በምሥራቅ ጎጃም የተካሄደውን የፖዶኮኒዮሲስ ሙከራ ልጥቀስ። ፖዶኮኒዮሲስ የእግር እብጠት በሽታ ሲሆን፣ በወባ ትንኝም ሆነ በእርግማን አይመጣም፤ ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በመሄድ ነው የሚመጣው። ሕክምናው ለጆሮ ቀላል ነው፦ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ፀረ ተሕዋስያን ባለበት ውሃ መዘፍዘፍ፣ ቅባት መቀባት፣ እንደ አስፈላጊነቱ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። ግን ይሠራል ወይ? ተመራማሪዎቹ 696 ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹ ሕክምናውን ወዲያው እንዲጀምሩ፣ ሌሎቹ ከ12 ወር በኋላ እንዲያገኙ አደረጉ። በሽተኛውን አልጋ ላይ የሚጥለው ድንገተኛ ትኩሳትና የእግር ሕመም፣ ሕክምና በጀመሩት ላይ በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ሲነሳ፣ በሚጠባበቁት ላይ 23.9 ጊዜ ተነሳ። በ2018 የታተመው ይህ ውጤት ተአምር አያሳይም፤ ልዩነቱ በዓመት አራት ተኩል ጊዜ ያህል ነው። ሆኖም አራት ጊዜ ከአልጋ መዳን ለገበሬ ምን ማለት እንደሆነ በእርሻ ወቅት የታመመ ሰው ያውቀዋል፤ በዕጣ ተከፍሎ የተገኘ ስለሆነም ቁጥሩ ይታመናል። ግማሽ በግማሽ ቀነሰ ከሚል ንጽጽር የሌለው ሪፖርት ይልቅ ይህን እመርጣለሁ።

እንዲህ ያለ ሙከራ ማድረግ በማይቻልበት ጊዜ «ምርምሩ አመጣው» ከማለት «ምርምሩ አስተዋጽኦ አደረገ» ብሎ የሌሎቹንም ድርሻ ዘርዝሮ መጻፍ ሐቀኝነት ነው።

ምርምር ፖሊሲን የሚለውጠው እንዴት ነው?

አንድ ጽሑፍ ብቻውን ፖሊሲ ሲለውጥ እምብዛም አይታይም። ፖዶኮኒዮሲስ ለረጅም ጊዜ በየትኛውም የጤና ዕቅድ ውስጥ አልነበረም። በ2006 የታተመ በወላይታ ዞን የተሠራ ጥናት፣ አንድ ታማሚ በበሽታው ምክንያት ከሥራ ቀናቱ 45 በመቶ ያህሉን እንደሚያጣ፣ ዞኑም በዓመት ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚከስር አሰላ። ይህ ስሌት ለእኔ ቁልፉ ነው፤ የእግር እብጠትን የሐኪም ጉዳይ አድርጎ ያልፈው የነበረ ባለሥልጣን የሥራ ቀንና የገንዘብ ጉዳይ ሲሆን ቀና ብሎ ያየዋል። በ2011 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ችላ ከተባሉ የቆላ በሽታዎች ተርታ አሰፈረው፤ በ2013 ኢትዮጵያ በብሔራዊ የእነዚህ በሽታዎች ዕቅዷ ውስጥ አስገባችው። ቀጥሎም ከ1,300 በላይ በሆኑ ማኅበረሰቦች የተካሄደ አገር አቀፍ የካርታ ሥራ፣ የታማሚዎቹን ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ገደማ ብሎ ገመተ። የኪሳራው ስሌት፣ ካርታውና ሕክምናው ተራ በተራ የተሠሩ የተለያዩ ጥናቶች ናቸው፤ ክብደት የሚያገኙት ግን ተደጋግፈው ነው።

ለውጥ እስኪታይ ስንት ዓመት ይወስዳል?

ከሚጠበቀው በላይ። የሦስት ዓመት በጀት የሚሰጥ አካል በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ «ተጽዕኖው የት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ተመራማሪውን ለማጋነን እየገፋው ነው። በዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ የተማሩት፣ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ማሽላን የሚያጠቃውን አቀንጭራ የተባለ ጥገኛ አረም ለማሸነፍ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። የአቀንጭራ ዘር አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ ይቆይና የሚነቃው ከማሽላው ሥር የሚወጣ ኬሚካል ሲደርሰው ነው። ፕሮፌሰሩና ባልደረቦቻቸው ይህን ኬሚካል በጥቂቱ ብቻ የሚያመነጩ የማሽላ ዝርያዎችን ለይተው አራቡ፤ አቀንጭራውም ሳይቀሰቀስ ይቀራል። በ1994 ስምንት ቶን ዘር ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተከፋፈለ፤ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። መሠረቱ የኬሚስትሪና የዘረ መል ምርምር ሲሆን፣ ገበሬው እጅ የገባው ደግሞ ከረጢት ዘር ነው።

ታሪክ፣ ቋንቋና ማኅበራዊ ሳይንስስ?

ለእነዚህ ዘርፎች የምርት ኩንታል መፈለግ አግባብ አይደለም፤ ለውጣቸው ግን አለ። በ1963 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት፣ ከአገር የተወሰዱ ቅርሶችን ታሪክ በሰነድ እየደገፉ ጽፈዋል፣ የአክሱም ሐውልት እንዲመለስም ከብዙዎች ጋር ተሟግተዋል። ጣሊያን በ1937 የወሰደችውን ሐውልት ለመመለስ በ1947ቱ የሰላም ውል ግዴታ ገብታ ነበር፤ ሐውልቱ የተመለሰው በ2005፣ የቆመው ደግሞ በ2008 ነው። መመለሱ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ ሙግቱ ሰነድ ይዞ እንዲቆም ያደረገው ግን ምርምር ነው።

አንድ ተመራማሪ ከመጀመሪያው ምን ቢያደርግ ይሻላል?

የመነሻውን ሁኔታ ይመዝግብ። ከአምስት ዓመት በኋላ «ቀነሰ» ለማለት ስንት እንደነበረ መታወቅ አለበት፤ በአድዋ 50 በመቶው ባይመዘገብ ኖሮ 7 በመቶው ትርጉም አይኖረውም ነበር። ውጤቱን የሚጠቀምበትን ሰው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን፣ የልማት ጣቢያ ባለሙያውን ወይም የወረዳውን ኃላፊ፣ ጥናቱ ሲያልቅ ሳይሆን ጥያቄው ሲቀረጽ ያማክር። ደብዳቤዎችን፣ ቃለ ጉባኤዎችንና ጥናቱን የጠቀሱ መመሪያዎችን በጊዜው ያስቀምጥ፤ ኃላፊ ሲቀየር ፋይሉም አብሮ ይጠፋልና። ውጤቱንም ለጠየቃቸው ሰዎች በሚሰሙት ቋንቋ ተመልሶ ይንገራቸው።

ጥቅሙ ገና ያልታየ መሠረታዊ ምርምር እንዲቆም መደረግ አለበት?

አይገባም። ለዚህም ጤፍን የሚያህል ምስክር የለኝም። የጤፍ አበባ እጅግ ጥቃቅን ከመሆኗ የተነሳ ሁለት ዝርያዎችን ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ይታመን ነበር፤ አራቢዎች የሚችሉት ካለው ውስጥ መምረጥ ብቻ ነበር። በ1974 ዶክተር ታረቀ በርሄ አበባዋ መቼ እንደምትከፈት ተከታትለው፣ ማለዳ፣ ከ12 ሰዓት ከ45 እስከ 1 ሰዓት ከ30 ባለው ጊዜ ገደማ መሆኑን ደረሱበት። በዚያ ወቅት ይህ ግኝት አንድ እንጀራ አልጨመረም፤ የዚያ ዓመት የተጽዕኖ ሪፖርት ቢጠየቅ ባዶ ወረቀት ይሆን ነበር። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል፣ በማጉያ ሥር በጥንቃቄ፣ ጤፍን ማዳቀል ተቻለ። ማኛ የተባለው የጤፍ ዝርያ ንጣቱ በገበያ ይወደዳል፣ ምርቱ ግን ያንሳል፤ ዱከም የተባለው ዝርያ ብዙ ይሰጣል፣ ቀለሙ ግን የማኛን ያህል ገዢ አይስብም። ሁለቱ ተዳቅለው የማኛን ንጣትና የዱከምን ምርት የያዘው ቁንጮ ተገኘ፤ በ2006ም ለገበሬው ተለቀቀ። ቁንጮ ማሳ ላይ ሲደርስ ያ የማለዳ ምልከታ 32 ዓመት ሆኖት ነበር።